24,500 ምን?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስተናግድ ቢሮ ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ ሦስት ገንዘብ፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠርና ሁለት የቁጥር አጻጻፍ ይዞ ይውላል። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህች ከተማ ወደቦች ስለሚያልፍ፣ እዚህ የተጻፈ ቁጥር ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይዞ እንዳይገኝ መጠበቅ የብዙ ሰው የዕለት ሥራ ነው። ያ ጥበቃ ልምድ ባካበቱ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በሚሠሩበት ፕሮግራም ውስጥ በስሙ ተጽፎ መገኘት አለበት እላለሁ። ሐሳቡ ክርክር ይችል እንደሆነ ለማየት ሁለት ተናጋሪዎችን ፈጥሬአለሁ። አንደኛው በሥራው ያረጁ ትራንዚተር ናቸው፤ ሁለተኛዋ ለቢሮው ሶፍትዌር የምትጽፍ ወጣት ፕሮግራመር። በመካከላቸው ከዶራሌ ወደብ የመጣ የጭነት ዝርዝር ተዘርግቷል።

ትራንዚተሩ፦ ልጄ፣ ሥራው ይፍጠንልን ብንልሽ አንቺ ገና «ታይፕ እያወጣሁ ነው» ትያለሽ። ብሩም ቁጥር ነው፣ ፍራንኩም ቁጥር ነው፣ ኪሎውም ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥር መደመር አያቅተውም። ምኑ ነው የሚያዘገይሽ?

ፕሮግራመሯ፦ ጋሼ፣ ከፊትዎ ካለው ወረቀት ልነሳ። ክብደት በሚለው ዓምድ 24,500 ተብሎ ተጽፏል። ስንት ነው?

ትራንዚተሩ፦ ሃያ አራት ቶን ተኩል ነዋ! የአንድ ኮንቴይነር ጭነት ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ፕሮግራመሯ፦ ትክክል ነዎት፤ ግን እንዴት እንዳወቁት እንይ። ወረቀቱ እዚህ አገር በተለመደው የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ከተሞላ ኮማው የአስርዮሽ ነጥብ ነው፤ 24,500 ቶን ማለት ሃያ አራት ቶን ተኩል ይሆናል። በእኛ አጻጻፍ ከተሞላ ግን ኮማው ሺህን መለያ ነው፤ 24,500 ኪሎ ማለት አሁንም ያው ሃያ አራት ቶን ተኩል ነው። ስለዚህ መለኪያውንም ኮማውንም አንድ ላይ የሳተ ሰው ትክክለኛው መልስ ላይ ይደርሳል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሳተ ደግሞ ሺህ ጊዜ ይሳሳታል። በአንድ በኩል ሃያ አራት ሺህ አምስት መቶ ቶን፣ በሌላ በኩል ሃያ አራት ኪሎ ተኩል ይወጣል። እርስዎ በዚህ አይሳሳቱም፤ ኮንቴይነር ምን ያህል እንደሚሸከም በዓይንዎ አይተዋልና። ፕሮግራሙ ግን አላየም። ዓምዱን ዝም ብዬ «ፍሎት»፣ ማለትም የአስርዮሽ ቁጥር፣ ካልኩት የሚያውቀው አሃዞቹን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ እርስዎ ጋ ነው፤ እርስዎ በሌሉበት ቀን ቢሮው አያገኘውም። ጎ፣ ረስት፣ ጃቫ፣ አዳ በመሳሰሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የእያንዳንዱ ዋጋ ዓይነት፣ ታይፕ የምንለው፣ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ይታወቃል። ኮዱን የሚያነበው ኮምፓይለር ያልገጠመ ነገር ካገኘ ፕሮግራሙን ጨርሶ አያዘጋጀውም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ይዞት የሚመጣው ሙሉ ቁጥር፣ ፍሎት፣ ጽሑፍና እነሱን የመሰለውን ነው፤ ቶን፣ ኩንታል፣ ብር፣ ፍራንክ የሚባል ነገር አያውቅም። እነዚያን የማወጣለት እኔ ነኝ። በጎ «ታይፕ» ከሚለው ቃል ቀጥዬ ስሙንና የቆመበትን መሠረት እጽፋለሁ፤ ኪሎ በፍሎት ላይ የቆመ አዲስ ዓይነት ይሆናል፣ ቶንም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲያ የኪሎን ዋጋ ከቶን ጋር ልደምር ብል ኮምፓይለሩ ይከለክለኛል። ሁለቱም ከሥራቸው ፍሎት መሆናቸው አያገናኛቸውም።

ትራንዚተሩ፦ ይኼማ ዓምዱን «ክብደት በኪሎ» ብሎ በመሰየም ይቀራል። እኛ በወረቀት ስንሠራ የኖርነው በራስጌው ነው። ራስጌውን ያነበበ አይሳሳትም።

ፕሮግራመሯ፦ ራስጌውን ያነበበ አይሳሳትም፤ ማንበቡን የሚያረጋግጥ ግን የለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኩራኩር ማርስ ጋ ስትደርስ ጠፋች። አንዱ ቡድን የጻፈው ሶፍትዌር የሞተሩን ግፊት በእንግሊዝ መለኪያ፣ በፓውንድ፣ አስልቶ በፋይል ያወጣ ነበር፤ ፋይሉን የሚቀበለው ሌላው ሶፍትዌር በኒውተን ነው ብሎ ያነብባል። ልዩነቱ አራት ጊዜ ተኩል ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ውል የሚደነግገው ሰነድ ሜትሪክ ይሁን ብሎ ነበር። ራስጌው ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው ራስጌውን ሳያከብር ያለፈውን ቁጥር የሚያስቆም ነገር ነው። በፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥም ራስጌ ብቻ የሆነ ታይፕ አለ። በሲ ቋንቋ «ታይፕዴፍ» የሚሉት ለነባር ዓይነት ተጨማሪ ስም ይሰጣል እንጂ አዲስ ዓይነት አይፈጥርም፤ ኪሎና ቶን ሁለት ስም ያለው አንድ ነገር ሆነው ይቀራሉ፣ ቢደባለቁም ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ጎ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ተጨማሪ ስም ማውጣት ተፈቅዷል። በተጨማሪ ስምና በአዲስ ዓይነት መካከል በአጻጻፍ የሚለያቸው አንድ የእኩል ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ካለ ስም ነው፤ ከሌለ ዓይነት ነው። ይህን ያልለየ ፕሮግራመር ጥበቃ ያደረገ መስሎት ራስጌ ጽፎ ይሄዳል።

ትራንዚተሩ፦ እሺ፣ ለይተሽ አስቀመጥሽው። የእኛ ሥራ ግን መለየቱ ላይ አያበቃም፤ መለወጥ ነው። የወደቡ ሒሳብ በዶላርና በፍራንክ ይመጣል፤ ደንበኛው አዲስ አበባ ተቀምጦ በብር ስንት ነው ይላል። ኮምፓይለርሽ እየከለከለ ይኼ እንዴት ይሠራል?

ፕሮግራመሯ፦ የሚከለክለው ሳይነገር የሚደረገውን ልወጣ ነው፤ በግልጽ የሚደረገውን ያሳልፋል። ሦስት ልወጣዎችን ጎን ለጎን ካየን የታይፕ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይወጣል፤ አንድ ልወጣ ምን ዕውቀት እንደሚፈልግ አስገድዶ ያናግረናል። ኪሎን ወደ ቶን ለመለወጥ በ1,000 ማካፈል ይበቃል፤ ሌላ ምንም መጠየቅ አያስፈልግም። ዶላርን ወደ ጅቡቲ ፍራንክ ለመለወጥም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ቋሚ ቁጥር አለ፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ አንድ ሺህ ዶላር ልክ 177,721 ፍራንክ። ነገር ግን እዚህ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የጅቡቲ ፍራንክ በሥራ ላይ የዋለ ከአንድ ፍራንክ ያነሰ ሳንቲም የለውም፤ በዓለም አቀፉ የገንዘቦች መለያ ደረጃ ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ ዜሮ ነው፣ የብርና የዶላር ግን ሁለት። ስለዚህ ማጠጋጋት ግድ ነው። ሦስት ፍራንክ ወደ ዶላር ሲለወጥ ተጠጋግቶ ሁለት ሴንት ይሆናል፤ ሁለቱ ሴንት ተመልሰው ሲለወጡ አራት ፍራንክ ይወጣሉ። ሄዶ የተመለሰው የሄደው አይደለም። ለአንድ ደረሰኝ ምንም አይደል፤ በሺህ ደረሰኝ ግን ሒሳብ አልዘጋ ይላል። ማጠጋጋቱ የት እንደሚደረግ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ከተጻፈ ሒሳብ ሹሙ ይጠይቃል፣ እኔም አሳየዋለሁ። በየመስመሩ ከተበተነ ግን ማንም አያገኘውም።

ሦስተኛው የብር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ የባንኩ ምንዛሬ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ስለነበር ቁጥሩን በኮዱ ውስጥ ተክሎ የሚሠራ ፕሮግራም ብዙ ሳይሳሳት መሰንበት ይችል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ያ አበቃ። አሁን ዶላርን ወደ ብር መለወጥ ያለ ቀን ትርጉም የለውም። ስለዚህ ፋንክሽኑን የምጽፈው ዶላሩን ብቻ ሳይሆን የምንዛሬውን ቀንም እንዲቀበል አድርጌ ነው፤ ቀኑን ያላቀረበ ሰው ኮዱ አይዘጋጅለትም። ጋሼ፣ እርስዎ ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቁት «በየትኛው ቀን ምንዛሬ?» ብለው አይደል? እኔ የማደርገው ያንን ጥያቄዎን በፋንክሽኑ ግንባር ላይ መጻፍ ነው።

ትራንዚተሩ፦ ስለ ሳንቲሙ ያልሽው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ገንዘብን በትንሿ መለኪያ ነው የምናስቀምጠው የሚሉ ሶፍትዌሮች አሉ።

ፕሮግራመሯ፦ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ትክክልም ናቸው። ፍሎት አሥረኛና መቶኛን በትክክል መያዝ ስለማይችል ገንዘብን በሙሉ ቁጥር መያዝ ይሻላል። ነገር ግን 5,000 የሚል ሙሉ ቁጥር በብር ከሆነ አምስት ሺህ ሳንቲም፣ ማለትም ሃምሳ ብር ነው፤ በጅቡቲ ፍራንክ ከሆነ አምስት ሺህ ፍራንክ ነው። ለብር የተጻፈውን ኮድ ወስዶ ለፍራንክ ያዋለ ሰው መቶ ጊዜ ይሳሳታል፣ ፕሮግራሙም ቅሬታ ሳያሰማ ይሠራል።

ትራንዚተሩ፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ልወጣ በግልጽ ከተጻፈ ያልፋል ብለሻል። ታዲያ አንዱ ቸኩሎ ፍራንኩን «ብር ነህ» ብሎ ቢጽፍበትስ?

ፕሮግራመሯ፦ ዋናው አደጋ እሱ ነው፤ ብዙ መጽሐፍም ቶሎ ያልፈዋል። ብርና ፍራንክ ሁለቱም በሙሉ ቁጥር ላይ የቆሙ ዓይነቶች ከሆኑ ጎ ብር ብሎ በቅንፍ ውስጥ ፍራንኩን ያስገባን ሰው አይከለክልም። ያ ግን ገንዘቡን አይመነዝረውም፤ ስሙን ብቻ ይቀይርለታል፣ አሃዙ እንዳለ ይቀራል። ስም መቀየሩና በፋንክሽን መመንዘሩ በቋንቋው ውስጥ አንድ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው፣ ስለዚህ ልወጣን ለቋንቋው ቅንፍ መተው አይገባም እላለሁ። መፍትሔው መጠኑን ስትራክት በሚባል የመስኮች ማቀፊያ ውስጥ አስቀምጦ ከውጭ እንዳይነካ መደበቅና መግቢያ መውጫውን እኔ በሰየምኳቸው ፋንክሽኖች ብቻ ማድረግ ነው። በጎ ከፓኬጁ (ከኮዱ ጥቅል) ውጭ የሚታየው በትልቅ ፊደል የሚጀምር ስም ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ የተሰየመ ነገር ሁሉ በራሱ ድብቅ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ያዩታል፣ እኔ ግን እዚህ ላይ ይጠቅመኛል፤ የውስጡን መጠን በአማርኛ እሰይመዋለሁ። የብሩን «ሳንቲም»፣ የፍራንኩን «ፍራንክ» ብዬ በተለያየ ስም እጠራዋለሁ፤ የውስጡ ስምና ዓይነት አንድ ከሆነ ጎ ሁለቱን ስትራክቶች በቅንፍ መለዋወጥን አሁንም ይፈቅዳልና። ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ ከፍራንክ ወደ ብር የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፣ እሱም ቀን ይጠይቃል።

ትራንዚተሩ፦ ጥብቅ የሆነ ቋንቋ ያድናል የምትይውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ሮኬት ያፈነዳው ልወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተጻፈውም ጥብቅ በሚባለው ቋንቋ ነው።

ፕሮግራመሯ፦ አሪያን 5 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና ተነስቶ 40 ሰከንድ ሳይሞላው ፈነዳ። ቋንቋው አዳ ነበር፤ ከሁሉም ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ። ከሮኬቱ የአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ ባለ 64 ቢት ፍሎት ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ ከ32,767 በላይ ሆነና አልገባም። ኮዱ የተወሰደው ከአሪያን 4 ነው፤ በዚያኛው ሮኬት ቁጥሩ እዚያ አይደርስም ነበር። መርማሪዎቹ ያገኙት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው፦ አደጋ ሊያመጡ ከሚችሉ ሰባት ተለዋዋጮች አራቱ ተጠብቀዋል፣ ሦስቱ አልተጠበቁም፤ ምክንያቱም የኮምፒውተሩ ሥራ ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ ተፈልጎ ነበር። እንግዲህ ልወጣው በግልጽ ተጽፏል፣ ቋንቋውም መግባት የማይችለውን ቁጥር ለይቷል። ያልተጻፈው «ባይገባስ?» የሚለው መልስ ነው። ተቃውሞዎ ልክ ነው፤ ታይፕ ብቻውን አያድንም። ከአሪያን የምወስደው ልወጣ ሊከሽፍ እንደሚችል በዓይነቱ ራሱ መነገር እንዳለበት ነው። በረስት ቋንቋ ሁለት ዓይነት ልወጣ በስም ተለይቷል፤ «ፍሮም» የሚባለው ሁልጊዜ የሚሳካ ነው፣ «ትራይፍሮም» የሚባለው ግን ውጤት ወይም ስህተት ይመልሳል፣ ተቀባዩም ስህተቱን ሳያስተናግድ ውጤቱን ማግኘት አይችልም። ትልቁን ቁጥር ወደ ትንሽ ሳጥን መክተት የሚገባው ከሁለተኛው ክፍል ነው። በዚያ ልማድ ቢጻፍ ኖሮ ሦስቱን ሳይጠብቁ ለመተው የወሰነው ሰው ውሳኔውን በኮዱ ላይ በግልጽ መጻፍ ነበረበት፤ ከአሪያን 4 ወደ አሪያን 5 ሲያሻግር ያነበበውም ባየው ነበር።

ትራንዚተሩ፦ የእኛስ ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው የሚከሽፉት?

ፕሮግራመሯ፦ ከውጭ የሚገባው ሁሉ። ፋይል፣ ኢሜይል፣ ኤክሴል፣ ሰው በእጁ የሞላው ቅጽ፤ እነዚህ ሁሉ ጽሑፍ ናቸው፣ ማርስ ላይ የጠፋችውም በዚህ በር ነው። ቀንን ይመልከቱ። 30/02/2016 የሚል ቢመጣ የፈረንጅ አቆጣጠር አይቀበለውም፤ በእኛ ግን ጥቅምት 30 ነው። 05/13 ቢመጣም ጳጉሜን 5 ነው፤ እነሱ አሥራ ሦስተኛ ወር የላቸውም። እነዚህ ይከሽፋሉ፣ ስለዚህ አያሳስቡኝም። የሚያስፈራኝ 10/11/2016 ነው፤ በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬድ ቀን ነው። በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ሲሆን በነሱ ሐምሌ 17 ቀን 2024 ይውላል፤ እንደ ፈረንጅ ቀን ከተነበበ ግን ኅዳር 10 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ። ሦስት ወር የማይሞላ የጭነት ጉዳይ እንደዚያ ሲሆን ዲመሬጁን፣ የመዘግየት ክፍያውን፣ ማን ያሰላዋል? ስለዚህ «የኢትዮጵያ ቀን» እና «የአውሮፓ ቀን» ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ከጽሑፍ ወደ ሁለቱ የሚወስደው ልወጣ የመጣበትን ቢሮ አቆጣጠር ይጠይቃል፤ ካልተነገረው አይገምትም።

የኮንቴይነር ቁጥር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ራሱን በራሱ ይመረምራል። ሲ-ኤስ-ኪው-ዩ 305438 ብሎ መጨረሻ ላይ 3 የሚለውን እንውሰድ። ለፊደሎቹ ከ10 ጀምሮ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ የ11 ብዜቶች ይዘለላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እስከ 512 ይባዛል። ድምሩ 6,185 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈውም 3 ነው። ይህ ቁጥር በጽሑፍነቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ከተንከራተተ ፍተሻው በየቦታው መደገም አለበት፣ አንድ ቦታ ደግሞ ይረሳል። በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ተፈትሾ «የኮንቴይነር ቁጥር» የሚል ዓይነት ካገኘ ግን ከዚያ ወዲያ የያዘው ፋንክሽን ሁሉ መፈተሹን አውቆ ይሠራል። መመለስ የማይቻልበት ልወጣም አለ፤ በባለ 20 ፊት ኮንቴይነር ልክ ሲቆጠር ባለ 40 ፊት አንድ ኮንቴይነር ሁለት ቲኢዩ ይባላል፣ ሁለት ቲኢዩ ግን አንድ ባለ 40 ይሁን ሁለት ባለ 20 አይታወቅም። የመልሱን ፋንክሽን አልጽፈውም፤ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

ትራንዚተሩ፦ ገብቶኛል። ግን ይኼ ሁሉ ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። በፓይተን የሚጽፍ ልጅ ይኼን በሳምንት ጨርሶ ያስረክበኛል።

ፕሮግራመሯ፦ ያስረክብዎታል፤ አልዋሽዎትም። አንድ ጊዜ ታይቶ ለሚጣል ሪፖርት እኔም ታይፕ አላወጣም፤ ለሁሉም ነገር ታይፕ ማውጣትም ራሱ ኮድን የሚያከብድ በሽታ ነው። መለኪያዬ ይኼ ነው፦ ሁለት ነገሮች በአሃዝ ተመሳስለው በትርጉም የሚለያዩ ከሆነና ሲደባለቁ ማንም ሳያይ የሚያልፍ ከሆነ ዓይነት ይገባቸዋል። የሠራተኛው ዕድሜ በሙሉ ቁጥር ቢቀር አይጎዳም። ብርና ፍራንክ፣ ኪሎና ቶን፣ የኛና የነሱ ቀን ግን በዚህ ከተማ በየሰዓቱ የሚገናኙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሱቅ ይህን ያህል አላስጨንቅም ነበር። ጅቡቲ ላይ ለተቀመጠ ቢሮ ግን ሥራው ራሱ መለወጥ ነው፤ የሥራውን ዋና ነገር ስም ሳይሰጡ ሶፍትዌር ጻፍን ማለት አይቻልም።

ትራንዚተሩ፦ ነባሩን ፕሮግራም ወደዚህ ስታዞሪው የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

ፕሮግራመሯ፦ አይነሳም። ኮምፓይለሩ ኪሎ ከቶን፣ ፍራንክ ከብር የተገናኘበትን መስመር ሁሉ ከነቁጥሩ ዘርዝሮ ያወጣል። ከነዚያ አብዛኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ በስህተት ሲሰላ የኖረ ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከኮዱ አይታወቅም። የሚለዩት እርስዎ ነዎት።

ትራንዚተሩ፦ እንግዲያው ዝርዝሩን አትመሽ አምጪልኝ። ከክብደቱ እንጀምር።